መርዶ አይደበቅ፤ ለብቻዋም አይነገራት



በዚህ እትም የምንነጋገርበት ጉዳይ ከባድ ነው። ቢሆንም ከመካከላችን ብዙዎችን የነካ፣ ሌሎቻችንንም ሊነካ የሚችል ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ጉዳዩ የልጅ ሞት ነው። ልጇን ለእናቷ ወይም ለእህቷ አደራ ሰጥታ ወደ አማን የመጣች እናት ልጇ ቢታመምባት፣ ከዚያም ቢሞትባት፣ እሷንም እዚያ ያለውን ቤተሰቧንም እንዴት ነው የምንደግፋቸው?

የምናምንበትን አስቀድመን እንናገር። የልጅ ሞት ከእናቱ መደበቅ የለበትም። ነገር ግን እናቲቱ በሰው ቤት፣ በማድ ቤት ውስጥ ለብቻዋ ቆማ በስልክ ልትሰማው አይገባም። ከሁለቱ ሌላ መንገድ አለ። እሱም ከአገራችን ይዘነው የመጣነው፣ የራሳችን መንገድ ነው።

የአገራችን የመርዶ ሥርዓት

የአገራችን ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጠንቅቆ ያውቃል። እናትን መንገድ ላይ አግኝቶ «ልጅሽ ሞተ» የሚል የለም። ዘመድና ጎረቤት ይጠራራል፤ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። እሷ ስትወድቅ የሚይዛት አለ፤ ስትጮህ አብሯት የሚጮህ አለ። ወዲያው የዕድሩ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት ማድ ቤቱን ይረከባል። ለቀናት ማንም ብቻዋን አይተዋትም። ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እያለ ሰው እየተመላለሰ ይጠይቃታል። ይህ ሁሉ ለሟቹ ክብር ብቻ የተደረገ አይደለም፤ በሕይወት የቀረችው እንድትቆም ጭምር ነው።

አማን ስንመጣ ግን ይህ ሥርዓት አብሮን አልመጣም። ስለዚህ ቤተሰብ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በደነገጠበት ሰዓት ደውሎ ይናገራል፤ እሷም ልብስ እየተኮሰች፣ ወይም ሌሊት ሁሉም ከተኛ በኋላ ትሰማለች። ድምፅ አውጥታ እንዳታለቅስ የሰው ቤት ነው፤ አፏን በፎጣ አፍና ታነጋለች። ወይ ደግሞ ቤተሰብ ተማክሮ «ኮንትራቷን እስክትጨርስ አይነገራት» ብሎ ይወስናል።

የሚደብቁት ሰዎች ክፉ አይደሉም። የሚሉት ነገር እውነትነት አለው፤ «ብቻዋን ናት፣ የሚይዛት የለም፣ በራሷ ላይ ጉዳት ብታደርስስ? ከሥራ ብትባረርስ?» ይላሉ። ፍርሃታቸው የፍቅር ፍርሃት ነው። ሆኖም መድኃኒቱ መደበቅ አይመስለንም። ብቸኝነቷ ነው የሚያስፈራው ከተባለ፣ መፍትሔው ብቻዋን አለመተው ነው።

መደበቅ ምን ያመጣል?

የእናት ልብ ያውቃል። «ልጄን አቅርቡልኝ» ስትል «ተኝቷል»፣ «ትምህርት ቤት ነው»፣ «አክስቱ ጋ ሄዷል» ይባላል። በዚህ በኢሞና በዋትስአፕ ዘመን ይህ ምክንያት ስንት ቀን ያስኬዳል? አንዱ የሰፈር ልጅ በፌስቡክ የልጁን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይለጥፋል፤ ያን ጊዜ መርዶውን የነገራት ዘመድ ሳይሆን የስልክ መስታወት ይሆናል።

ያ ባይሆን እንኳ ጊዜው ያልፍና ኮንትራቷ ያልቃል። ለልጇ የገዛችውን ጫማና ቦርሳ ይዛ ቦሌ ትወርዳለች። የተቀበሏትን ሰዎች ፊት አይታ ትረዳለች። ልጁ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ አርባውም ሙት ዓመቱም ወጥቷል። እሷ ለቅሶ ስትጀምር ሌላው ጨርሷል። አብሯት የሚያለቅሰው ሰው እንባው ደርቋል። በዚህም ላይ በየወሩ የላከችው የትምህርት ቤት ክፍያ ትዝ ይላታል። ከዚያ ወዲያ ማንን ታምናለች?

የሚደብቀውም ወገን ይጎዳል። ልጁን ያሳደገችው አያት ራሷ ሐዘንተኛ ናት። ስልክ በጮኸ ቁጥር እንባዋን ጠርጋ፣ ድምፅዋን አስተካክላ «ሁላችን ደህና ነን» ማለት አለባት። አሮጊት ሴት ይህን ሸክም ለዓመት እንድትሸከም ማድረግ ግፍ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ነገር ያውቀዋል። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 የንጉሥ ዳዊት ሕፃን ልጅ ታመመ። ዳዊት ጾመ፣ በምድር ላይ ተኛ፣ ስለ ልጁ ለመነ። በሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ሲሞት አገልጋዮቹ በራሱ ላይ ክፉ ያደርጋል ብለው ሊነግሩት ፈሩ። ዳዊት ግን ሲንሾካሾኩ አይቶ ገባውና ጠየቃቸው፤ እነሱም እውነቱን ነገሩት። ከዚያ በኋላ ተነሣ፣ ታጠበ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ እህልም ቀመሰ። አገልጋዮቹ የፈሩት አልደረሰም። እኛ እንደሚመስለን ዳዊት ሊነሣ የቻለው ልጁ በሕይወት ሳለ የሚቻለውን ሁሉ ስላደረገና እውነቱን በዕለቱ ስለሰማ ነው። በዚህ ታሪክ የዳዊት ኃጢአት መነሣቱን እናውቃለን፤ ነገር ግን የልጅ ሕመምና ሞት ሁሉ የወላጅ ኃጢአት ዋጋ ነው ማለት አይደለም። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ሲጠየቅ፣ የእሱም የወላጆቹም ኃጢአት አይደለም ብሎ መልሷል።

ልጁ በሕይወት ሳለ

ድጋፍ የሚጀምረው በለቅሶ ቀን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በጠና ለታመሙ ልጆች የሚደረግ እንክብካቤ ሕመሙ ከታወቀበት ቀን እንዲጀምርና ቤተሰቡንም እንዲጨምር ይመክራል። ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ሆኖ ይህን ማድረግ ይቻላል ወይ? ይቻላል።

በመጀመሪያ እናቲቱ የሕመሙን እውነት ትወቅ። ከቤተሰቡ አንድ የሚታመን ሰው ይመረጥና ሐኪሙ ያለውን፣ ሆስፒታሉን፣ የመድኃኒቱን ስም ሳይጨምር ሳይቀንስ ይንገራት። አንዱ «ተሽሎታል»፣ ሌላው «ጸልዪ» ካላት ሌሊቱን ሁሉ ስትገምት ታድራለች።

ሁለተኛ፣ ልጁ የእናቱን ድምፅ ይስማ። ታሞ የተኛ ልጅ ረጅም ወሬ አይፈልግም፤ ስሙን ስትጠራው፣ የለመደውን እሹሩሩ ስትለው ይበቃዋል። «እማ መቼ ትመጫለሽ?» ሲላት «ነገ» አትበለው። «በጣም እወድሃለሁ፣ ሁልጊዜ አስብሃለሁ፣ አሁን እማማ አጠገብህ ናት» ማለት ይሻላል። ልጅ የተነገረውን ቀን ይቆጥራልና። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 90 ሠራተኛዋ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ በአሠሪዋ ወጪ ለቤተሰቧ እንድትደውል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ በራሷ ወጪ መደወል እንድትችል ያዛል። ይህን የማያውቁ ማዳሞች አሉ፤ በትሕትና ማስታወስ መብት ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ብቻ አንላክ፤ መረጃም እንላክ። ከክፍለ ሀገር ታማሚ ልጅ ይዞ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የሚመጣ ቤተሰብ ከሕክምናው ይልቅ ማደሪያው ያስጨንቀዋል። አቶ ወንዱ በቀለና ወይዘሮ አምሳለ በየነ ልጃቸው ማቲዎስ በደም ካንሰር ከሞተባቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በስሙ የካንሰር ሶሳይቲ አቋቁመዋል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ የካንሰር ሶሳይቲ የሚባለው ይኸው ነው፤ አቅም ለሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያና ምግብ ይሰጣል። በካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ተስፋ አዲስም እንዲሁ ልጆችንና አስታማሚዎቻቸውን ያስጠጋል። ሐዘናቸውን ለሌላ ሰው መጠለያ ያደረጉ ወላጆች እንዳሉን ማወቅ በራሱ ያጽናናል። ጸበሉም ሐኪሙም ከእግዚአብሔር ነውና፣ ልጁን ጸበል ወስዳችሁ መድኃኒቱን አታስቋርጡት።

አራተኛ፣ እናቲቱ መሄድ ከፈለገች ጥያቄው ቶሎ ይነሣ። ደንቡ በዓመት 14 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። የኢቃማው፣ የመውጫውና የቲኬቱ ጣጣ ቀናት ይወስዳል። ዓረብኛ የምትችል እህት ከማዳሟ ጋር ቁጭ ብላ ትነጋገርላት። ቲኬቱን ለብቻዋ ካልቻለችው ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አምስት አምስት ዲናር አዋጥተን አንዲትን እናት ልጇ በሕይወት ሳለ ብናደርሳት ከትልቅ ተዝካር ይበልጣል።

ድጋፍ የግድ ትልቅ ነገር መሆን የለበትም። እንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ሲስተር ፍራንሲስ ዶሚኒካ የሚባሉ መነኩሲት ሔለን የምትባል በጠና የታመመች ሕፃን ቤተሰብን ያውቁ ነበር። ወላጆቿ ትንሽ እንዲያርፉ እያሉ ሕፃኗን አልፎ አልፎ እሳቸው ይንከባከቧት ነበር። ከዚያች ትንሽ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1982 ሔለን ሀውስ ተወለደ፤ በጠና ለታመሙ ልጆችና ለቤተሰቦቻቸው የተከፈተ የመጀመሪያው ቤት ነው። እኛም የተጨነቀችውን እህት ካርድ ሞልተን ማስደወል፣ ዓርብ ቀን ምግብ አብስለን ማብላት፣ አጠገቧ ቁጭ ብለን ሌሊቱን ማንጋት እንችላለን።

የመርዶው ቀን

ሞት ከደረሰ ግን ቤተሰብ መጀመሪያ ለእናቲቱ አይደውል። እዚህ ላለች የቅርብ ጓደኛዋ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ይደውል። ለዚህ ሲባል እያንዳንዳችን ዛሬውኑ አማን ውስጥ የምናምናትን የአንዲት እህት ስልክ ለቤተሰባችን እንስጥ፤ «ክፉም ደግም ቢሆን መጀመሪያ ለእሷ ንገሯት» እንበላቸው።

የሰማችው እህት ለብቻዋ አትሩጥ። ሁለት ወይም ሦስት ሆነው፣ ከተቻለም ካህን ጨምረው ይሂዱ። ለመንገር ቢቻል እሷ የእረፍት ቀኗ የሆነበት ቀን ይመረጥ፤ ሆኖም ከዓርብ ወደ ዓርብ አይለፍ። የእረፍት ቀን የማታገኝ ከሆነ ወደ ቤቱ ተሂዶ አስቀድሞ ለማዳሟ ይነገር። ብዙዎቹ ማዳሞች እናቶች ናቸው፤ የልጅ ነገር ያውቃሉ። ማዳሟ በር ባትከፍት እንኳ፣ አብራት የምትሆን አንዲት ሰው ከቤቱ ውስጥ ሳትገኝ በስልክ አይነገራት።

ስትናገሩ ቃሉን አታድበስብሱ። «ትንሽ አሞት ነበር»፣ «ጠንክሪ እንጂ» እያሉ መዞር ስቃይ ነው። «ልጅሽ ዐርፏል» በሏትና ያዟት። መቼ፣ በምን፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ የት እንደተቀበረ ስትጠይቅ የምትመልሱት እንዲኖር አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድምና ታልቅስ፤ ስልኩን አገናኟትና ከእናቷ ጋር ይላቀሱ።

ከለቅሶው በኋላ

ኢዮብ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቹ በአንድ ቀን ባለቁበት ጊዜ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው ምክንያት መስጠት ሲጀምሩ ነው።

ስለዚህ «ምትክ ይሰጥሻል»፣ «ገና ልጅ ነሽ ትወልጃለሽ» አንበላት። የሞተው ልጅ ምትክ የለውም። «ሕፃን ስለሆነ መልአክ ነው፣ አይለቀስለትም» አንበላት። ሕፃኑ ሳይጠመቅ ሞቶ ከሆነ ፍርድ አንስጥ፤ ጥያቄዋን ካህኑ ጋ ትውሰድ። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ትተሽው ባትመጪ ኖሮ» የሚል ቃል ከማናችንም አይውጣ።

ይህን ነገር እሷ ራሷ ቀንና ሌሊት ለራሷ ትለዋለችና። ለዚህ መልስ አለን። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ልጆች 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ከእነዚህ ልጆች የብዙዎቹ እናቶች አጠገባቸው ነበሩ፤ አቅፈዋቸው ነበር የሞቱት። ልጅ የሚገድለው በሽታና ድህነት ነው እንጂ የእናት ስደት አይደለም። እህቴ ሆይ፣ አንቺ የላክሽው ገንዘብ ወተትም መድኃኒትም ሆኖለታል።

«ከእንግዲህ ለማን ልሥራ?» የሚል ጥያቄም ይመጣል። በዚያ ሰሞን ከቤት የመውጣት፣ ኮንትራት የማፍረስ፣ ያጠራቀሙትን ሁሉ የመበተን ውሳኔ አይወሰን፤ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ይቆይ። የቀሩ ልጆች ካሉ እነሱም ወንድማቸው ሞቶባቸዋል፤ «እማም እያለቀሰች ነው» ብላ ትንገራቸው። ልጁን ያሳደገችው አያት ወይም አክስት ተጠያቂ እንደሆነች ይሰማታልና «አደራዬን ጠብቀሻል» የሚል ቃል ከልጇ ብትሰማ ትድናለች።

አርባውን እዚሁ እናውጣ። ጃበል አማን ይሁን ጃበል ሁሴን፣ የተከራየናት አንዲት ክፍል ብትሆንም ነጠላ አዘቅዝቀን፣ ንፍሮ ቀቅለን፣ ቡና አፍልተን እንቀመጥ። የልጁ ስም በጸሎት ይጠራ፤ ፎቶውን ታሳየን፣ ወሬውን ታውራልን። ሐዘንተኛዋ ሙስሊም እህታችን ብትሆንም ለቅሶ እንደርሳለን፤ አገራችን ያስተማረችን ይህንኑ ነው። በሰማንያውና በሙት ዓመቱ እንደውልላት፤ ያን ጊዜ ሌላው ሰው ረስቶታልና። እህል ካልቀመሰች፣ ሳምንታት እንቅልፍ ካጣች፣ «ወደ ልጄ ልሂድ» ማለት ካበዛች አንድ ሌሊትም ብቻዋን አናሳድራት፤ ለማዳሟ ነግረን ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት። የዮርዳኖስ ደንብ በዓመት 14 ቀን የሕመም ፈቃድም ይሰጣል።

የማዳም ልጅ ሲሞት

ሌላም ሐዘን አለ፤ ማንም የማይቆጥርልን። ያዘልነው፣ ያጎረስነው የማዳም ልጅ ይሞታል። በአማን ንጉሥ ሁሴን የካንሰር ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 አል አመል ተብሎ ተከፍቶ በ2002 በንጉሡ ስም በተጠራው ሆስፒታል፣ ከልጁ አልጋ አጠገብ ሌሊቱን የሚቀመጡ ከእኛ ወገን አሉ። ልጁ ሲያርፍ ሦስት ቀን ለቅሶ ይቀመጣል፤ ስኳር የሌለው ቡናና ተምር የምታዞረው እሷ ናት፤ «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚላት ግን የለም። እኛ እንበላት። እሷም ለማዳሟ «ዐዘም አላህ አጅርኩም» ትበል፤ የልጁን ልብስና መጫወቻ ሳትጠይቅ አታንሣ፣ አትጠብ። አንዳንዴ እናት የምትፈልገው ያችን የልብስ ሽታ ነው።

በመጨረሻም

በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 የሱነም ሴት ልጇ ሞቶ ሳለ ወደ ኤልሳዕ ስትገሰግስ፣ ልጅሽ ደህና ነው ወይ ብሎ ለጠየቃት ሎሌ ደህና ነው ብላ አለፈች። ነቢዩ ግን ነፍሷ መራራ እንደሆነች አየ፤ ሎሌው ሊያባርራት ሲል ተዋት አለው፤ ተነሥቶም ተከተላት። ከእኛም መካከል ዓርብ ቀን «ደህና ነኝ» ብላ የምታልፍ አለች። ሆዷ ሲፈጃት ፊቷን አይተን እንወቅባት።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የሁለተኛ ሰው ስልክ ለቤተሰባችሁ ስጡ። ልጅ የታመመባት እህት ካለች ከወዲሁ ንገሩን። ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት ሆናችሁ መርዶ ለመንገርና ሐዘንተኛ ለመጠየቅ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከዓርብ ጸሎት በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ። ድንኳን ባይኖረን ሰው አለን።

እግዚአብሔር ያዘኑትን እናቶች ያጽናናልን፤ የሕፃናቱን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። አሜን።